መስኮት ያስፈለገው ኮምፒውተር

መስኮት ማለት፣ በጥንቃቄ ከተነገረ፣ ሰው ግድግዳ ሠርቶ ከጨረሰ በኋላ የሚጸጸትበት ቦታ ነው። ግድግዳው እንዲጠነክር ብዙ ተደክሞበታል፤ ከዚያ መሐሉ ይቀደዳል። መስኮት በር አይደለም፤ አይገባበትም። ባዶ ቀዳዳም አይደለም፤ አቧራ አያስገባም። ሥራው ውስጥ ያለውን ነገር ማሳየት ብቻ ነው።

ትርንጎ ኮምቦልቻ ውስጥ፣ ከአንድ ወፍጮ ቤት ጎን፣ ጽሑፍ የምትተይብ ሴት ናት። የፈለገችው እንዲህ ያለ መስኮት ነበር፤ ለቤቷ ሳይሆን ለኮምፒውተሯ። ኮምፒውተር እንዳይግል ውስጡ ትንሽ ማራገቢያ አለው። ሌላው ሰው ማራገቢያው መዞሩን በጆሮው ያውቃል። ትርንጎ ግን ወፍጮው ከጎኗ ስለሚያጓራ የራሷን ድምፅ እንኳ የምትሰማው እሑድ እሑድ ነው። ዓምና ማራገቢያው ሳትሰማው ቆመ፤ ኮምፒውተሩም የአንዱን ተማሪ ስልሳ ሦስት ገጽ የመመረቂያ ጽሑፍ እንደያዘ ተቃጠለ። ሳጥኑን ከፍታ እያየች እንዳትሠራ ከወፍጮው የሚበንነው ዱቄት አለ። ሰኞ ደግሞ የዘንድሮዎቹ ተመራቂዎች ይመጣሉ። ይህኛውም ከተቃጠለ ሱቁን ዘግታ ቤቷ መግባቷ ነው።

ስለዚህ ቅዳሜ ጠዋት የሳጥኑን የጎን ክዳን ፈታች። ከአሮጌ የማስታወቂያ ሰሌዳ የተረፈ፣ መስታወት የመሰለ ፕላስቲክ ጨምራ ብረት ሠራተኛው ይመር ዘንድ ወሰደችው።

«ይመር፣ እዚህ ላይ መስኮት አውጣልኝ።»

ይመር ክዳኑን አገላበጠው። «ለኮምፒውተር? መጋረጃስ አያሻውም?»

«ቀልዱን ተወውና ቁረጥ።»

ይመር በእርሳስ አራት ማዕዘን አሰመረ፤ ብረቱን በሞርሳ ጠፍሮ ያዘ፤ ብረት መቁረጫ ግራይንደሩን አነሣና መልሶ አስቀመጠው።

«የኔና የወፍጮው መብራት በአንድ መስመር ነው። እኩል ከተነሣን ሰፈሩ ይጨልማል። ጋሽ ጓንጉል ያቁምልኝ፣ እቆርጣለሁ። ግን ዛሬ ይሁን፤ ነገ አማቶቼ ዘንድ ሄጄ የምመለሰው በሳምንቱ ነው።»

ግራይንደሩ አይቆርጥ፣ ትርንጎ መስኮት የላት።

ትርንጎ ወፍጮ ቤት ገባች። ጋሽ ጓንጉል ክንዳቸውን አጣጥፈው ተቀምጠዋል። ወፍጮው ያጓራል፤ የሚፈጭ እህል ግን አይታይም።

«ጋሽ ጓንጉል! ባዶውን እኮ ነው የሚዞረው!» ብላ ጮኸች።

«ባዶውን ነው!» አሉ እሳቸውም ጮኸው።

«ታዲያ ያቁሙታ!»

«ሞኝሽን ፈልጊ!»

ነገሩ እንዲህ ነው። በዚያ ሰፈር በርበሬ የሚፈጨው በቀኑ መጨረሻ ላይ ነው፤ ከበርበሬ በኋላ የገባ ጤፍ እንጀራው ሲበላ ያስለቅሳል። ስለዚህ ወፍጮው ጸጥ ካለ ሰዉ ሁሉ በርበሬው ተፈጭቷል ብሎ ጤፉን ተሸክሞ ታች ሰፈር ይወርዳል። ጋሽ ጓንጉል አንድ ጊዜ ለምሳ ብለው ቢያቆሙት እስከ ማታ አንድ ሰው ዝር አላለም። ከዚያ ወዲህ ምሳቸውን የሚበሉት ወፍጮው እየዞረ ነው።

«የስንዱ በርበሬ ይምጣ። እሱ ሲፈጭ ይቆማል!»

ወፍጮው አይቆም፣ ግራይንደሩ አይቆርጥ፣ ትርንጎ መስኮት የላት።

እትዬ ስንዱ ደጃፋቸው ላይ አንዱ የበርበሬ ጆንያ ላይ ተቀምጠው ሌላውን ተደግፈዋል።

«እትዬ ስንዱ፣ በርበሬዎ ካልመጣ ወፍጮው አይቆምም፤ ወፍጮው ካልቆመ ግራይንደሩ አይቆርጥም፤ ግራይንደሩ ካልቆረጠ መስኮት የለኝም።»

«የምን መስኮት?»

«የኮምፒውተር።»

«አሞሻል እንዴ ልጄ?»

«ደህና ነኝ። ባጃጅ ልጥራልዎት?»

«ባለፈው የጫነልኝ ባጃጅ ተሳፋሪው ሳምንቱን ሙሉ ሲያስነጥስ ከረመ። አሁን ከሩቅ ካዩኝ ነዳጅ ይሰጣሉ። የእንድሪስ ጋሪ ነው የምጠብቀው፤ እሱ ደግሞ የውኃ ሽታ ሆነ።»

በርበሬው አይመጣ፣ ወፍጮው አይቆም፣ ግራይንደሩ አይቆርጥ፣ ትርንጎ መስኮት የላት።

እንድሪስን ጋሪው ጥላ ሥር ጋደም ብሎ አገኘችው። ፈረሱ ሣር ይግጣል።

«እንድሪስ፣ ጋሪህ ካልተነሣ በርበሬው አይመጣም፤ በርበሬው ካልመጣ ወፍጮው አይቆምም፤ ወፍጮው ካልቆመ ግራይንደሩ አይቆርጥም፤ ግራይንደሩ ካልቆረጠ መስኮት የለኝም።»

«ጨረስሽ?»

«ጨረስኩ።»

«ጎማው ተንፍሷል።»

«ጎሚስታው መርሻ እዚሁ አይደል?»

እንድሪስ ወደ ፈረሱ ዞረ። «ተኳርፈናል። ገበያ መሐል ‹የመርሻ ጥገና ከሠርጉ እስከ መልሱ አይቆይም› አልኩና ሰው ሳቀ።»

«ውሸት ነበር?»

«ይኸው የተነፈሰው እሱ የለጠፈው ነው። ግን እውነት መናገሬ ምን ጠቀመኝ? ጋሪዬ ቆሟል።»

ጋሪው አይነሣ፣ በርበሬው አይመጣ፣ ወፍጮው አይቆም፣ ግራይንደሩ አይቆርጥ፣ ትርንጎ መስኮት የላት።

መርሻ በተደራረቡ አሮጌ ጎማዎች ላይ እንደ ዳኛ ተሰይሟል።

«መርሻ፣ ጎማውን ካልለጠፍክ ጋሪው አይነሣም፤ ጋሪው ካልተነሣ በርበሬው አይመጣም፤ በርበሬው ካልመጣ ወፍጮው አይቆምም፤ ወፍጮው ካልቆመ...»

«እንድሪስ ነው የላከሽ?»

«አይደለም። ግራይንደሩ አይቆርጥም፤ መስኮትም የለኝም። በናትህ ለጥፍለት፣ ይቅርታውን በኋላ ይጠይቅሃል።»

«እኔ እኮ የተሰደብኩት ለጥፌለት ነው! ሳልለጥፍለት ማን ሰደበኝ? አሁን መንገድ ላይ ሳልፍ ሰው ‹ሠርጉ መቼ ነው?› ይለኛል። ጋሽ ደባልቄ ፊት ቀርቦ ይቅርታ ይበለኝ። ያለ ሽማግሌ አልታረቅም።»

ጎሚስታው አይለጥፍ፣ ጋሪው አይነሣ፣ በርበሬው አይመጣ፣ ወፍጮው አይቆም፣ ግራይንደሩ አይቆርጥ፣ ትርንጎ መስኮት የላት።

ጋሽ ደባልቄ ፍርድ ቤት በመዝገብ ሹምነት አገልግለው ጡረታ የወጡ ሽማግሌ ናቸው። ትርንጎ ቤታቸው ስትደርስ ፀሐይዋ አዘቅዝቃለች።

«ጋሽ ደባልቄ፣ እርስዎ ካላስታረቁ ጎሚስታው አይለጥፍም፤ ጎሚስታው ካልለጠፈ ጋሪው አይነሣም፤ ጋሪው ካልተነሣ በርበሬው አይመጣም፤ በርበሬው ካልመጣ ወፍጮው አይቆምም፤ ወፍጮው ካልቆመ ግራይንደሩ አይቆርጥም፤ ግራይንደሩ ካልቆረጠ መስኮት የለኝም፤ መስኮት ከሌለኝ ሰኞ ኮምፒውተሬ ሲቃጠል አላየውም!»

ጋሽ ደባልቄ መነጽራቸውን ጠረጉ። «ጉዳዩ ገብቶኛል። ነገር ግን በቃል የቀረበ አቤቱታ አላይም።»

«በእጄ ልጻፍልዎት፣ አሁኑኑ።»

«ዓምና በእጅ የተጻፈ ተቀብዬ ነበር። ጽሑፉ አልነበብ ብሎ፣ ምን ይላል በሚለው ላይ ሌላ ጠብ ተነሣ። በታይፕ ይሁን፤ በሦስት ቅጂ።»

«የት ይተየባል?»

«ወፍጮ ቤቱ ጎን አንዲት ሴት አለች ሲሉ ሰምቻለሁ። ጎበዝ ናት አሉ።»

ትርንጎ ጣቷን ወደ ራሷ ቀሰረች። «እኔ ነኝ» አለች።

«እንግዲያው ምን ቸገረሽ?»

የቸገራትማ ክዳኑ ነው። ክዳኑ ይመር ሞርሳ ላይ ተጠፍሯል፤ ኮምፒውተሩ ሆድ ዕቃው ተዘርግፎ ተቀምጧል፤ ወፍጮው ባዶውንም ቢዞር በንዝረቱ ከጣሪያው ላይ የከረመ ዱቄት ያራግፋል። ከፍታ ካልሠራች መስኮት የለም፤ ከፍታ ከሠራች ደግሞ ሰኞ ኮምፒውተር ላይኖር ይችላል።

አቤቱታው አይተየብ፣ ሽማግሌው አያስታርቅ፣ ጎሚስታው አይለጥፍ፣ ጋሪው አይነሣ፣ በርበሬው አይመጣ፣ ወፍጮው አይቆም፣ ግራይንደሩ አይቆርጥ፣ ትርንጎ መስኮት የላት።

ትርንጎ ሰፌድ ተዋሰች። ሰፌዱን በግራ እጇ ከኮምፒውተሩ ሆድ በላይ እንደ ጃንጥላ ዘርግታ፣ በቀኝ እጇ አንድ ጣት ተየበች። «አመልካች፦ መርሻ። ተጠሪ፦ እንድሪስ። ጉዳዩ፦ ‹ከሠርጉ እስከ መልሱ› የሚለውን ንግግር ስለማንሣት።» ዱቄቱ ፀጉሯ ላይ ወረደ፤ ትከሻዋ ላይ ወረደ፤ ቅንድቧን አሸበተው። ኮምፒውተሩ ላይ ግን አልወረደም። ሦስተኛው ቅጂ ሲወጣ ክንዷ አልታጠፍ አላት።

ጋሽ ደባልቄ ጠበኞቹን አስጠርተው አቤቱታውን ማንበብ ጀመሩ። «ጉዳዩ» የሚለው ላይ ሲደርሱ መርሻ ራሱ ሳቀ፤ እንድሪስ ተነሥቶ አቀፈው። ጋሽ ደባልቄ ቁጭ በሉ ብለው እስከ መጨረሻው አነበቡት።

ያን ጊዜ አቤቱታው ተነበበ፣ ሽማግሌው አስታረቀ፣ ጎሚስታው ለጠፈ፣ አንድ ጎማ በሁለት ልጣፊ ለጠፈ፣ ጋሪው ተነሣ፣ በርበሬው መጣ፣ በርበሬው ተፈጨ፣ ፈረሱ ሳይቀር ሁሉም አስነጠሰ፣ ወፍጮው ቆመ፣ ሰፈሩ ጸጥ አለ፣ ግራይንደሩ ተነሣ፣ ብረቱ ተቆረጠ።

ይመር የተቆረጠውን ጠርዝ እጅ እንዳይቆርጥ በሞረድ አለሰለሰው። ዙሪያውን ከአሮጌ ጎማ በተቀደደ ቀጭን ላስቲክ ከፈፈው፤ ፕላስቲኩን ከውስጥ ለጥፎ በአራት ብሎን አሠረው። ትንሽ ወደ ግራ ያዘመመ ነው።

«አዘመመ እኮ» አለች ትርንጎ።

«አንገትሽን ዘንበል አድርጊ» አለ ይመር፣ ወደ አማቶቹ የሚወስደውን ሻንጣ እየፈለገ።

ሰኞ ተመራቂዎቹ መጡ። ትርንጎ በየገጹ መጨረሻ አንገቷን ወደ ግራ ዘንበል አድርጋ በመስኮቱ ታያለች፤ ተማሪዎቹም አብረዋት ዘንበል ይላሉ። ከዚያ ቀን ወዲህ ማራገቢያው አንድም ጊዜ ቆሞ አያውቅም፤ ስለዚህ መስኮቱ ይጥቀም አይጥቀም እስካሁን አልተረጋገጠም።