የፊታውራሪው ቅምሻ

ፊታውራሪ ደምለው የአገሩን ጠጅ መንደር ለመንደር እየቀመሱ መጎብኘት ከጀመሩ ሦስተኛ ቀናቸው ነው። ቅምሻ ማለት ለእሳቸው ጋን ማንጠፍጠፍ ነው። ከጨረሱ በኋላ «ይሄ ጠጅ ሳይሆን ውሃ ነው!» ይሉና ለቅጣት የባለቤቱን የንብ ቀፎዎች አስጭነው ይሄዳሉ።

በመጨረሻ አንዲት ጠጅ ጣይ ባልቴት ቤት ገቡ። የእሷንም ጋን ጭልጥ አደረጉና «አንቺም ውሃ አጠጣሽኝ! በሉ ቀፎዎቿን ጫኑ!» ብለው ብድግ ሲሉ ጉልበታቸው ከዳቸው። እንዳይወድቁ የቤቱን ምሰሶ አቀፉ።

ባልቴቷ እጅ ነስታ፣ «ጌታዬ፣ ውሃ ነው ካሉ ውሃ ነው። ብቻ አንድ ነገር ግራ ገባኝ» አለች። «በቅሎዎም እኔው ደጅ ውሃ ጠጥታለች፤ ምነው እሷ ያለ ምሰሶ ቆመች?»