ሳይቀመስ ይቀዳለት የነበረ ሰው

ጠላ አዋቂ የሆነ አንድ ሰው ነበረ። ሰካራም አልነበረም። ዋንጫውን ሲቀበል መጀመሪያ ያሸተዋል፤ ጋኑ በወይራ ይታጠን በሌላ እንጨት ከሽታው ይለያል። ከዚያ አንድ ጉንጭ ወስዶ ዓይኑን ይጨፍንና ጌሾው በዝቶ እንደሆነ፣ ብቅሉ አርጅቶ እንደሆነ ይናገራል። ተሳስቶ አያውቅም ይባል ነበር።

መምህር ልሳነወርቅ፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ ይህን ታሪክ የተናገሩት አዳሙ ለሚባል ጎልማሳ ነው። አዳሙ ካገባ ገና ዓመት አልሞላውም። የእናቱ ሕመም ሲጠና «ትዳንልኝ እንጂ አንድ ወር ራት አልበላም» ብሎ ተሳለ። ስዕለቱን ለማንም አልተናገረም። ሚስቱ ማታ ማታ የምታቀርብለትን «አልራበኝም» እያለ ሲመልስባት ጊዜ አኮረፈች፤ ከዚያም ልብሱን ማሽተት ጀመረች።

«መምህር፣ መልካም ነገር የሚወደደው በስውር ሲሠራ አይደለም ወይ? አልሰረቅሁ፣ አልማገጥሁ። ምን በድዬ ነው ፊቷን የምታዞርብኝ?» ብሎ ጠየቃቸው።

መምህሩ መቋሚያቸውን ከግድግዳው አስደግፈው፣ ስለዚያ ጠላ አዋቂ ይነግሩት ጀመር። ባለቤታቸው ከጓዳ ሆነው ይሰሙ ነበር።

ሰውየው የሚጠጣው አንዲት ጠላ ሻጭ ቤት ነበር። ሴትዮዋ ባል የላት፣ መሬት የላት፤ ኑሮዋ ጋኗ ነው። ጋን በተከፈተ ቁጥር የመጀመሪያው ዋንጫ የእሱ ነበር። መደብ ላይ የተቀመጠው ሁሉ ጠላውን ትቶ የእሱን ፊት ያያል። ዓይኑን ገልጦ «ደርሷል» ካለ ያን ዕለት ቤቷ መቆሚያ አይገኝበትም። «ትንሽ ይቆይ» ካለም ጠላ መኖሩን ለማመልከት ደጅ የተሰቀለው ጣሳ ይወርዳል፤ ጋኑም ተመልሶ ይከደናል።

በዚያ አገር ጠላ ሻጭ ለሰው ስትቀዳ አስቀድማ ከዋንጫው በመዳፏ ጠብ አድርጋ ትቀምሳለች። መጠጡ ክፉ ነገር እንደሌለበት በራሷ አፍ መመስከሯ ነው። ለእሱም በመጀመሪያው ቀን ቀምሳለት ነበር። እሱ ግን፣

«ተይው እቴ፣ ከእንግዲህ ለእኔ አትቅመሺ። እጅሽን አምናለሁ» አላት።

ከዚያ ወዲህ ሳትቀምስ የምትቀዳለት ሰው እሱ ብቻ ሆነ። ሌላ ጌጥ አልነበራትምና ይህን እንደ ጌጥ ትቆጥረው ነበር።

አንድ ጠዋት ሰውየው ለዘመድ ቀብር ነጠላውን አጣፍቶ ከቤቱ ወጣ። አቀርቅሮ በሐሳብ ሲሄድ ቆይቶ ቀና ቢል፣ የቆመው ከቤተ ክርስቲያኑ ደጅ ሳይሆን ከጠላ ቤቱ ደጅ ነው። እግሩ ነው ያመጣው። ደነገጠ። ጠላውን እኔ ነኝ የያዝኩት ወይስ እሱ ነው የያዘኝ? ሲል ራሱን ጠየቀ። ከዚህ ጊዮርጊስ እስከሚመጣው ጊዮርጊስ ጠላ ላይቀምስ ለራሱ ቃል ገባ።

ለማንም አልተናገረም። ተናግሮ ባይችል መሳቂያ እንዳይሆን ፈራ። ደጇን ካለፈ ደግሞ እንደሚሸነፍ አውቋልና፣ በታች በወንዙ በኩል እየዞረ መሄድ ጀመረ።

ሴትዮዋ በነጋታው አዲስ ጋን ከፈተች። የእሱን ዋንጫ አጥባ፣ ሞልታ አስቀመጠች። ሰዉ መደቡ ላይ ሆኖ ይጠብቃል። ረፋዱ አለፈ፤ ዋንጫው ላይ ዝንብ ማንዣበብ ጀመረ።

«ዛሬ ምላሱን አሞት ይሆናል» አለና አንዱ ሳቀ።

«ምላሱስ ደህና ነው። አሁን ገበያ መሐል ሲያወራ ትቼው መጣሁ።»

«ታዲያ ምን ሆኖ ቀረ?»

«እኔ ምን አውቄ! ብቻ ባለፈው ዋንጫውን ሳይጨርስ ነው የተነሣው።»

«አዎ፣ ፊቱንም ቅጭም አድርጎ ነበር» አለ በዚያን ቀን ያልነበረ ሰው።

«ጨርሶ ነው የሄደው! ሲወጣም መርቆኝ ነው!» አለች ሴትዮዋ።

«እኛ ምን ወጣን እትዬ? ነገ እንመጣለን» አሉና ተራ በተራ እየተነሡ ወጡ።

ጋን ግን አንዴ ከተከፈተ ነገን አይጠብቅም።

ሴትዮዋ ገበያ ላይ አገኘችው። «ምነው ወንድሜ፣ ጠፋህብን? ያስቀየምኩህ ነገር አለ?»

«ኧረ ምንም የለ። ሥራ በዝቶብኝ ነው» አላት። ቀሚሷ የወይራ ጢስ ይሸት ነበር። ምራቁ አፉን ሞላው፤ ዓይኗን ሳያይ ፈጥኖ አለፈ። እሷ ያየችው ግን የሚሸሻትን ሰው ነው። በአጠገባቸው የነበሩት ጨው ሻጮችም አይተው ተጠቃቀሱ።

ከዚያ በኋላ ወሬውን የሚያቆመው ጠፋ። ጋኗ ውስጥ አይጥ ሞቶ ተገኘ ተባለ። የለም፣ ሰው የሚያፈዝ መድኃኒት ጨምራበት በምላሱ ደርሶበት ነው ተባለ። አይቷት የማያውቅ ሁሉ፣ «እኔ እንኳ ድሮም አላምናት» ይል ጀመር።

እሷም መጠርጠር ጀመረች። መጀመሪያ የጠረጠረችው ጌሾ ሻጯን ነው፤ ያላትን ጌሾ ሁሉ አውጥታ ደፋችው። ቀጥላ ጎረቤቷን ጠረጠረች። ይህች ጎረቤቷ እሳት ሲጠፋባት ፍም የምትሰጣት፣ ስትታመም የምታስታምማት ሴት ነበረች። ነገር ግን ሰውየው ይዞርበታል ሲባል የሰማችው የወንዝ መንገድ የሚያልፈው በጎረቤቷ አጥር ሥር ነው። ያችም ለበዓል ለበዓል ጠላ መጥመቅ ታውቃለች። ሴትዮዋ ሁለቱን ነገር ገጣጠመችና የደረሰችበት መሰላት።

አንድ ቀን ጎረቤቷ ገል ይዛ መጣች። «እትዬ፣ እሳት ጠፍቶብኝ ነው።»

«ሂጂና ከአዲሱ ደንበኛሽ ውሰጂ!»

«የምን ደንበኛ?»

«በአጥርሽ ሥር የሚመላለሰው ለጤናው ነው?»

«ሴትዮ፣ አንቺ ዛሬ ጤናም የለሽ» አለችና ጎረቤቷ ባዶ ገሏን ይዛ ተመለሰች። ከዚያ ቀን ጀምሮ አልተነጋገሩም።

በመጨረሻ ሴትዮዋ ከራሷ ጠላ ቀዳች። በሯን ዘግታ፣ እንደ እሱ ዓይኗን ጨፍና ቀመሰችው። ደህና መሰላት። ደግማ ስትቀምስ መረራት። እንደገና ስትሞክር ምን እንደቀመሰች ራሷም አላወቀችም። ዕድሜዋን ሙሉ ስትጠምቅበት የኖረችውን እጅ አገላብጣ አየችው። የሌላ ሰው እጅ መሰላት።

ይህ ሁሉ ሲሆን ጋኑ ተከፍቶ የሚጠጣው አጥቷል። ያልተጠጣ ጠላ ደግሞ ይኮመጥጣል። አንድ ተላላፊ መንገደኛ ገብቶ ተቀዳለት፤ አንዴ ፉት እንዳለ ደጅ ወጥቶ ተፋው። በአጥሩ አጠገብ የቆሙት ሰዎች ይህን አይተው፣ «አይ ያ ሰውዬ! ምላሱ እኮ ቀድሞ ነግሮታል» ተባባሉ። ወሬው እውነት ሆነ። ሴትዮዋም ደጅ የተሰቀለውን ጣሳ አወረደችው።

ቀጣዩ ጊዮርጊስ ደረሰ። ሰውየው ወሩን ፈጽሞ በራሱ ኮርቷል። ጠዋት ቤተ ክርስቲያን ስሞ፣ የወንዙን መንገድ ትቶ፣ እየፈገገ ወደ ጠላ ቤቱ መጣ።

«ጣሳው የት ሄደ? ቤቱስ ምነው ጭር አለ?» አለ መደቡ ላይ እየተቀመጠ። «እስቲ ቅጂልኝ፤ እንዴት ናፍቆኛል!»

ሴትዮዋ ዋንጫውን አጥባ ከጋኑ ቀዳች። መጥታ ፊቱ ቆመች። መዳፏን ዘርግታ ከዋንጫው ጠብ አደረገችና፣ ዓይኑን እያየች ቀመሰች። ከዚያ በሁለት እጇ አቀረበችለት።

ሰውየው ለመቀበል የዘረጋው እጁ እንደተዘረጋ ቀረ።

«ምን ማድረግሽ ነው? እኔ እኮ ነኝ።»

«ለእንግዳ የሚደረገው ይኸው ነው።»

«ከመቼ ወዲህ ነው እንግዳ የሆንኩት?»

«በወንዝ በኩል መዞር ከጀመርክ ወዲህ። ምን አግኝተህበት ነው? አይጥ ነው? መድኃኒት ነው? ንገረኝና ልወቀው። አገር ሁሉ አውቆት ያላወቅሁት እኔ ብቻ ነኝ።»

«አንቺ ምንም አላጠፋሽም! አንድ ወር ከመጠጥ አርፌ ራሴን ልፈትን ብዬ ነው።»

«ራስህን?» አለች። ዙሪያውን፣ ባዶውን መደብ፣ የከሰለውን ምድጃ አሳየችው። «ፈተናው የነበረው እኔ ቤት ነው።»

ሰውየው ዋንጫውን ተቀብሎ ጠጣ። ጉሮሮው ተቆጣ። አጥሩ ላይ ተንጠላጥለው የሚያዩ ሰዎች ፊቱን እየጠበቁ ነው። «ደርሷል» ቢል ያድናት ነበር፤ ነገር ግን ምላሱ ዋሽቶ አያውቅም።

«ኮምጥጧል» አለ። «ያኮመጠጥኩት ግን እኔ ነኝ። ጠላዋ ምንም አልነበረበትም።»

ሰዎቹ የመጀመሪያውን ቃል ሲሰሙ ራሳቸውን ነቅንቀው ሄደዋል። የኋለኛውን የሰማ አልነበረም።

ሰውየው ያን ዕለት ቤቱ አልሄደም። የኮመጠጠውን ደፋ፤ ውኃ ቀድቶ ጋኑን በግራዋ ቅጠል አጠበ፤ ወይራ ፈልጦ አመጣ። አዲሱ ጠላ ሲደርስ የመጀመሪያውን ዋንጫ ጠጥቶ ደጅ ወጣና፣ «ደርሷል! ደርሷል!» ብሎ ጮኸ። የመጡ መጡ። የቀሩት ደግሞ «አዝኖላት ነው» አሉ። «ኮምጥጧል» ሲል ያመኑትን ምላስ «ደርሷል» ሲል አላመኑትም። ሴትዮዋ ጎረቤቷን ይቅርታ ጠየቀቻት። ጎረቤቷ እሳቱን መስጠት ጀመረች፤ እንደ ድሮው ቁጭ ብላ መጫወቱን ግን ተወችው።

ሰውየው ከዚያ በኋላ ብዙ ዘመን እዚያ ቤት ጠጣ። ሴትዮዋ አንድ ቀንም አላስቀየመችው። ነገር ግን እስክትሞት ድረስ፣ በመዳፏ ሳትቀምስ አንድ ዋንጫ እንኳ ቀድታለት አታውቅም።

መምህሩ እዚህ ሲደርሱ ወደ አዳሙ ዞሩ።

«ሰውየው መጠጥ ማረፉ ጥፋት አልነበረም። አንተም እናትህን ብለህ መጾምህ ጥፋት አይደለም። ስዕለትህን የሰማው እግዚአብሔር ነው፤ ትሪው የሚመለሰው ግን ለሚስትህ ነው። እሷ የምታየው ያልተነካ ምግብ ነው። ምክንያቱን አንተ ካልነገርሃት ራሷ ትፈልገዋለች፤ ራሷ ስትፈልገው ደግሞ ደግ ምክንያት አታገኝም። ያ ሰው ‹ሥራ በዝቶብኝ ነው› አለ፤ አንተ ‹አልራበኝም› ትላለህ። አልዋሸሁም ትለኛለህ?»

አዳሙ በቀስታ ተናገረ።

«መምህር… ትናንት ማታ ወጡን አቀረበችና፣ ምንም ሳትናገር፣ ፊቴ ቀድማ ቀመሰችልኝ። ምን ማለቷ እንደሆነ አልገባኝም ነበር።»

መምህሩ መቋሚያቸውን አንሥተው በሩን አሳዩት።

«ታዲያ እኔ ዘንድ ተቀምጠህ ምን ትሠራለህ? ተነሥ፤ ዛሬ ሌላ ራት ሳታቀርብ ድረስባት።»