በረኛው ውሻና የፍየሏ ኮቴ

ተረት ተረት ልበላችሁ፤ የላም በረት በሉና ጠጋ በሉ።

ዝናብ ዶፉን በለቀቀበት አንድ አመሻሽ፣ ነገር ቶሎ የማትውጥ አንዲት ፍየል ወንዝ በድልድይ ተሻግራ እንግዳ ከሚጠለልበት ከበሬ ዋሻ ደረሰች። በረኛው ውሻ ፊቷን ትቶ ቀይ ጭቃ የያዘውን ኮቴዋን አየ። ከወንዙ ማዶ አፈሩ ቀይ ነው፤ ከወዲህ ጥቁር።

«ይቅርታ እመት ፍየል፣ ዋሻው ሞልቷል» አላት በትሕትና።

ከሩቅ ጅብ ይጮሃል። ፍየሏ ግን ነገሩ አልዋጥልሽ አላት። ሞልቷል የሚል በረኛ ወደ ውስጥ ያያል እንጂ የእንግዳ እግር ምን ያሳየዋል? ከቁጥቋጦው ጀርባ ዞር ብላ ቀዩን ጭቃ በጥቁር ጭቃ ለቅልቃ ሸፈነችና ተመለሰች። ውሻው አሁንም ወደ ታች አየ።

«ግቢ እንጂ እመት ፍየል፣ በዚህ ዝናብ ውጭ ይቆማል እንዴ?»

ገብታ ብታይ ዋሻው ግማሹ ባዶ ነው። በቀጥታ ወደ ባለቤቱ ሄዳ «አያ በሬ፣ በረኛዎ እንግዳን በአገሩ ይለያል» አለችው።

ውሻ ተጠራ። «እኔ ማንንም በመጣበት አገር አልለይም» አለ። «ቅድም አንዷን የመለስኳት ቦታ ሞልቶ ነው።»

«ከእሷ በኋላስ ያስገባኸው አለ?» አለ በሬ።

«ይህችን ብቻ። የእኛው ልጅ አይደለች?»

ፍየሏ የፊት እግሯን አንስታ ኮቴዋን ከድንጋዩ ጋር ፈተገችው። ጥቁሩ ጭቃ ተቀርፎ ሲወድቅ ከሥሩ ቀዩ ወጣ።

ውሻ ያን ጊዜ ገና ፊቷን አየ።