ጫካው ማን ነው?

አንድ ጊዜ እንስሳት ሁሉ ተሰብስበው ውሾችን የጫካቸው ጠባቂ አድርገው ሾሙ። እንዴት ደስ አላቸው! ከዚያ ወዲያ ጩኸት ሲሰማ ነቅሎ መውጣት ቀረ፤ ሁሉም «ጠባቂ አለ» እያለ ሥራው ሣር መጋጥ ብቻ ሆነ።

ነገሩ የከነከናት አንዲት አህያ ብቻ ነበረች። ድንቡሼ የምትለው ውርንጭላ አላት፤ አያ ጅቦ ደግሞ እሱን ባየ ቁጥር ለሃጩ ይዝረከረካል። ንጉሥ አንበሳ «ጅብ ወንዙን እንዳይሻገር!» ብሎ አዝዞላት ነበር። ግን ሆዳም ትእዛዝ መቼ ይገባዋል? አንድ ቀን ረፋድ ላይ ወንዙን ዘሎ መጣና አጥሯን ይነቀንቅ ጀመር።

አህያ «ከዚህ እንዳትነቃነቅ!» ብላ ልጇን በረቱ ጥግ ትታ በጓሮ በኩል ፈረጠጠች። ጠባቂዎቹ ከአማካሪያቸው ከቀበሮ ጋር ዋርካ ሥር ተጋድመው አገኘቻቸው።

«ድረሱልኝ ጌቶቼ! ጅብ አጥሬን እየነቀለው ነው!»

«ልጅሽን ነከሰው?» አለ አለቃው ውሻ እያዛጋ።

«ኧረ ገና ነው! ለዚህ እኮ ነው የመጣሁት!»

«እንግዲያው ሲነክሰው ነይና አመልክቺ። ያን ጊዜ ይቀጣል።»

«ልጄ ከተበላ በኋላ ቅጣቱ ምን ያደርግልኛል?»

ቀበሮ ጉሮሮውን ጠረገ። «እመቤቴ፣ አትቆጪ። ሕጉ የሚለው ‹ጠባቂዎች ጫካውን ይጠብቃሉ› ነው። ስለ አንዲት አህያ አንድም ቃል የለበትም። ለመሆኑ አንቺ ጫካው ነሽ?»

አህያ ወደ ቤቷ እየሮጠች ባላት ጉልበት ሁሉ አናፋች፦ «ጫካው ተቃጠለ! ኧረ ጫካው ተቃጠለ!»

ያን ጊዜ ነበር ማየት! ውሾቹ ብድግ አሉ፤ በሬው ሣሩን ጥሎ፣ ፍየሏና ጦጣዋም እየተጋፉ፣ ሁሉም ግር ብሎ ተከተላት። አያ ጅቦ በአጥሩ ቀዳዳ ራሱን አሾልኮ ድንቡሼ ዘንድ ሊደርስ ክንድ ያህል ቀርቶት ነበር። ያን ሁሉ ግርግር ሲያይ ደንግጦ፣ የአጥሩን ርብራብ አንገቱ ላይ እንዳጠለቀ እግሬ አውጪኝ አለ።

«እሳቱ የታለ?» ብሎ ጮኸ ቀበሮ። «ዋሽታናለች! ንጉሡ ፊት ትቅረብ!»

ቀረበች። አንበሳ ሁለቱንም ሰማና ቅር እያለው፣ «በሕጉ ከሄድን ቀበሮ ልክ ነው። ጫካውን ይላል እንጂ አንቺን አይልም» አለ።

አህያ ልጇን ወደ ደረቷ አስጠጋች። «ጃንሆይ፣ እንግዲያው ጫካው ማን እንደሆነ ይንገሩኝ።»

በሬው ከተሰበሰቡት መካከል ወጣና «እኔም እንደ እሷው አንድ ነኝ» ብሎ አጠገቧ ቆመ። ፍየሏ መጣች፤ ጦጣዋ መጣች። በመጨረሻ ቤቱ ቡችሎች ያሉት አለቃው ውሻ ራሱ ጅራቱን ወሽቆ መጣ። አንበሳ ዘንድ የቀረው ቀበሮ ብቻ ሆነ።

አንበሳ ግራ ቀኙን አይቶ ሳቁ አመለጠው። «ቀበሮ፣ ብዕርህን አንሣ! ሕጉ ይታረማል።»

«ምን ብዬ ልጻፍ ጃንሆይ?» አለ ቀበሮ እየተቅለሰለሰ።

«‹ጠባቂዎች ይጠብቃሉ› በል፤ ከዚያ ከድንቡሼ ጀምረህ የእያንዳንዱን ስም ጻፍ።»

ቀበሮም እጁ እስኪዝል ጻፈ።

ከዚህ የምንማረው፣ አገር እጠብቃለሁ የሚል ሁሉ «ድረሱልኝ» የምትለውን አንዲት እናት ካልጠበቀ ማንንም እንዳልጠበቀ ነው።