ጓንጉል ተሸክሞት የመጣው ብረት

አንድ ወተት አመላላሽ ነበር፤ ስሙ ጓንጉል ይባላል። ከወንዝ ማዶ ካሉ መንደሮች ወተት እየሰበሰበ ከተማ ያደርሳል። ለዓመታት በኪራይ መኪና ሲንከራተት ኖሮ በመጨረሻ ያለውን ሁሉ አሟጦ አዲስ ፒክአፕ ገዛ። የሸጠለት አቶ ዳምጠው የተባለ፣ በከተማው ስሙ የሚጠራ ባለ ኩባንያ ነው። ቁልፉን ሲያስረክበው፣ «በሦስት ዓመት ውስጥ ሞተሩ አንዳች ነገር ቢሆን ጣጣው የእኛ ነው፤ አንተ ዝም ብለህ ንዳ» አለው። ጓንጉል በግ አርዶ መኪናውን ሲያስመርቅም አቶ ዳምጠው ተጠርቶ መጣ፤ ከጥብሱም ከቅቅሉም በላ። ይህቺን ያዙልኝ። የሰው በግ በልቶ ቃሉን የሚረሳ ሰው ያናድደኛል።

ጓንጉል ሥራ ከመጀመሩ በፊት የወተት ቢዶኖቹ መንገድ ላይ እንዳይገለበጡ መኪናው ጭነት ቤት ላይ የብረት መደገፊያ አስበየደ። ወተት የሚጭን ሁሉ እንደዚያ ያደርጋል። ለምን ይህን አደረግህ ያለው ሰው አልነበረም።

ዓመት ሳይሞላው አንድ ማለዳ ዳገት ላይ ሞተሩ ነጭ ጭስ ተፋና ቀጥ አለ። ቢያስነሳው እምቢ አለ። ፀሐይ እየከረረ ሄደ፤ ያ ሁሉ ወተት ቢዶን ውስጥ እንዳለ ተበላሸ። ጓንጉል መንገድ ዳር ደፋውና መኪናውን አስጎትቶ ወደ ኩባንያው ጋራዥ ወሰደ። መካኒኮቹ ከፍተው ሲያዩት የሞተሩ ክዳን፣ ቴስታታ የሚሉት ከባዱ ብረት፣ ተሰንጥቋል። ጓንጉል ዋስትናውን አስቦ እፎይ አለ።

አቶ ዳምጠው ግን መኪናውን ከኋላ ዞሮ አየና፣ ያለ ኩባንያው ፈቃድ ብየዳ የነካው መኪና ዋስትና የለውም አለ። ጓንጉል፣ ብየዳው ከኋላ፣ ስንጥቁ ከፊት፣ ምን አገናኛቸው ብሎ ጠየቀ። ደንብ ነው ተባለ። ጥርሱን የታመመ ሰው ሐኪም ቤት ሄዶ ጫማህ ቆሽሿልና አናክምህም ቢባል ምን ይላል? እንዲያውም የተፈታታውን ሞተር ጭነት ቤቱ ውስጥ ወርውረው፣ ንብረትህን አንሣልን አሉት። ላም አለኝ በሰማይ ወተቷንም አላይ ማለት ይሄ ነው።

በሰማይ ያልሆነች ላም የነበረቻት አንቺናሉ የምትባል ባልቴት ናት። ከመንደሩ ወጣ ብላ ብቻዋን ትኖራለች፤ ያላት አንዲት የምትታለብ ላም ናት፤ ወተቷን ከተማ የሚያደርስላት ጓንጉል ብቻ ነው። መኪናው ከቆመ ወዲህ ወተቱ እየተረፋት ነው፤ መኖ የምትገዛበት ግን አጣች። በእግሩ ሊጠይቃት የሄደ ዕለት አንድ ነገር ብቻ ጠየቀችው።

«ወንድሜ፣ እውነቱን ንገረኝ። ልጠብቅህ ወይስ ልሽጣት?»

«ጠብቂኝ» አላት።

ከዚያ በቀጥታ ወደ አቶ ዳምጠው ቢሮ ሄደ። ለመነ። ደንብ ነው ሲባል ጮኸ፤ ጠረጴዛውን በጡጫ ሲመታው የሻይ ብርጭቆ ወድቆ ተሰበረ። ሠራተኞቹ ሁሉ አዩ። ጥበቃዎቹ ገፍትረው አስወጡት።

ከቀናት በኋላ ሽማግሌዎች የጓንጉል ደጃፍ ላይ መጥተው ቆሙ። መሪያቸው አቶ ዘርጋው ናቸው፤ ቃላቸው የሚከበር አዛውንት። ግቡ ሲላቸው እሺ ካላልከን አንቀመጥም አሉት። ጓንጉል የሞተሩን ነገር ሰምተው ሊያግዙት የመጡ መስሎት እሺ አለ። ለካስ የመጡት ለብርጭቆው ነው። አንድ የተከበረ ሰው በሠራተኞቹ ፊት ተዋርዷልና እሑድ ድንጋይ ተሸክመህ ይቅርታ ትጠይቃለህ አሉት። ሞተሩስ ቢላቸው፣ እሱ በኋላ ቀስ ብሎ ይታያል አሉት። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን! ለተሰበረ ብርጭቆ ሽማግሌ ይላካል፤ ለተሰበረ ቃል ግን ማንም ከቤቱ አይወጣም። እኔ ብሆን በሩን እዘጋባቸው ነበር። ጓንጉል ግን ከእኔ የተሻለ ሰው ነው። እሺ ብያለሁ፣ እመጣለሁ አላቸው።

እሑድ አቶ ዳምጠው ቤት ድግስ ተሰናድቶ ሽማግሌዎቹ በተርታ ተቀመጡ። በልማዱ አጥፊው ድንጋይ አንገቱ ላይ አድርጎ ጎንበስ ብሎ ይገባል፤ ተበደልኩ ያለው ሰው ደግሞ ይቅር ካለው ድንጋዩን በገዛ እጁ ያወርድለታል። ጓንጉል ጎብጦ ገባ። አንገቱ ላይ ያለው ግን ድንጋይ አልነበረም። የተሰነጠቀው ቴስታታ ነው። የተቃጠለ የሞተር ዘይት ጋቢው ላይ እየተንጠባጠበ ነበር።

«ብርጭቆዎን ሰብሬያለሁ፤ ጮኼብዎታለሁ። ይቅር ይበሉኝ» አለ። «ከዚህ የከበደ ድንጋይ ግን አላገኘሁም። ያውርዱልኝ።»

አቶ ዳምጠው ከወንበሩ ንቅንቅ አላለም። አቶ ዘርጋው፣ በል እንጂ አውርድለት አሉት።

«እሱን ብረት አልነካም» አለ አቶ ዳምጠው። «ከነካሁት የእኔ ሆነ ማለት ነው።»

አቶ ዘርጋው ብረቱን አዩ፤ የጓንጉልን የጎበጠ ጀርባ አዩ።

«የማን እንደሆነማ አሁን በአፍህ ነገርከን፤ ያንተ ባይሆን መንካቱን ባልፈራህ ነበር» አሉና ከመቀመጫቸው ተነሡ። ሌሎቹም ተከትለዋቸው ተነሡ። ያ ብረት ከዚህ ሰው አንገት ላይ እስኪወርድ ድረስ ማናችንም አንቀመጥም፣ እህልህንም አንቀምስም አሉት። ወጡ ቀዘቀዘ። ጓንጉል ጎብጦ፣ ሽማግሌዎቹ ቆመው ቆዩ። በመጨረሻ አቶ ዳምጠው ላብ በላብ ሆኖ ተነሣና ቴስታታውን አወረደ፤ ነጭ ሸሚዙ በዘይት ጠቆረ። በሽማግሌዎቹ ፊት በእጁ ያነሣውን ነገር የእኔ አይደለም ማለት አልቻለም። ሞተሩ ተቀየረ።

ታሪኩ እዚህ ላይ ቢያልቅ ደስ ባለኝ። ጓንጉል በአዲሱ ሞተር ማልዶ ወደ መንደሩ ወረደ። አንቺናሉ ደጃፍ ሲደርስ ክላክስ አደረገ። ባዶ እጇን ወጣች።

«ጠበቅኩህ» አለችው። «መኖ አልቆ መቆም ሲያቅታት ትናንት ለሥጋ ሸጥኳት።»

ሽማግሌዎቹ መጀመሪያ ጓንጉል ደጃፍ የቆሙ ዕለት ስለ ብርጭቆው ሳይሆን ስለ ሞተሩ ጠይቀው ቢሆን ኖሮ ላሟ ዛሬ በረቷ ውስጥ ነበረች። አቶ ዳምጠው ቃሉን በላ፤ እሱስ የለየለት ነው። እኔን የሚያንገበግበኝ የደጎቹ ሰዎች ነገር ነው። እነሱ የጮኸውን ሰው ዝም ሲያሰኙ ሰላም ያወረዱ ይመስላቸዋል። የተበደለ ሰው ይጮኻል፤ በዳይ መጮኽ አያስፈልገውም፤ ስለዚህ ሁልጊዜ ጨዋ መስሎ የሚታየው በዳይ ነው። ዕርቅ ጥሩ ነው፤ ከዕርቅ በፊት ግን ሸክሙ የማን እንደሆነ ይጠየቃል።

እስቲ እናንተም አስቡት። በቅርቡ «ተው፣ ለሰላም ብለህ ይቅርታ ጠይቅ» ያላችሁት ሰው አንገቱ ላይ የነበረው ሸክም የማን ነበር?