የገብሱ አዲስ ቦታ

ተረት ልንገራችሁ፤ እናንተም ጆሯችሁን አውሱኝ።

ጉንዳኖች ጠባቡን ጉድጓዳቸውን ትተው ሰፊ ጉድጓድ ውስጥ ገቡ። እህሉ ሁሉ ተጋዘ። ያን ጊዜ አንዲት ችኩል ጉንዳን ጤፉን በር ላይ፣ ገብሱን ታች ወስዳ እንደ አዲስ ትደረድር ጀመር። ነገር መጠየቅ የሚወድ ጎረቤቷ ጢንዚዛ ብቅ አለ።

«እመት ጉንዳን፣ በድሮው ቤታችሁ በር ላይ የነበረው ገብሱ አልነበረም? ለምን ነበር?»

«እንዲሁ ነዋ። እናቶቻችን የደከማቸው ቦታ ጥለውት ነው። ዘወትር የምንበላው ጤፉን ስለሆነ፣ እሱ በር ላይ ሲሆን ቶሎ ይወጣል።»

«እነሱን ጠይቀሻል? ጥቂት ገብስስ በድሮው ጉድጓድ አስቀርተሻል?»

«ድሮውንማ ደፈንኩት። ይልቅ ፍጥነቱን እይልኝ።»

እውነትም ፈጠነ፤ ሁሉም አመሰገናት። ክረምቱ ገብቶ ጤፉ ሲያልቅ ግን ጉንዳኖቹ ወደ ገብሱ ወረዱ። ገብሱ በታችኛው እርጥበት በቅሎ ሥር በሥር ሆኗል። ለካ በር ላይ ሳለ፣ ብልጭ የምትለው ፀሐይ ታደርቀው ነበር።

ጢንዚዛው አንገቱን አስግጎ፣ «የበቀለው የቱ ጋ ያለው ነው?» ሲል ጠየቀ።

ችኩሏ ጉንዳን ወዲያው አሳየችው። የተመሰገነችበት ፍጥነት አልጎደለምና፣ ለማግኘት አንድ አፍታም አልፈጀባትም።