አህዮቹ ያረፉበት ሳምንት

በዋንዛ በር ስብሰባ ላይ አንዱ ብድግ ብሎ «ይኼ ነገር አይረባንም፣ ይነሣልን» ባለ ቁጥር፣ ከኋላ ወንበር አንድ ሰው ድምፁን ዝቅ አድርጎ አራት ቃል ጣል ያደርጋል። ሰዉ ይሥቃል፤ ጉዳዩም እንደገና ይታያል። ለከተማዋ አዲስ የሆነ ሰው የተባለውን ቢሰማም ለምን እንደተሣቀ አይገባውም። እኔ ልንገራችሁ፤ የዚያች አባባል ጣጣ የጀመረው በገዛ እጄ ከጻፍኩት ደብዳቤ ነው።

ያን ጊዜ የማዘጋጃ ቤቱ ጸሐፊ ነበርኩ። ሥራ አስኪያጃችን ልሳነወርቅ ይባላል። በዕድሜ ልጄ ስለሚሆን አንቱ አልለውም እንጂ ክብር የሚገባው ሰው ነበር፤ ጉቦ የማይነካ፣ ከሁላችንም ቀድሞ ቢሮ የሚገባ፣ ከተማዋን እንደ ገዛ ቤቱ የሚወድ። ሦስት ዓመት ለፍቶ ዋናውን መንገድ ከመናኸሪያው እስከ ጤና ጣቢያው ድረስ ኮብልስቶን አስነጠፈ። ምረቃው ሁለት ሳምንት ሲቀረው ከዞን እንግዶች እንደሚመጡ ተነገረን። እሱም ጠዋት ጠዋት እየወጣ ያን አዲስ ድንጋይ ያያል፤ በድንጋዩ ላይ ደግሞ የአህያ ፋንድያ ያያል። ይኼ እንቅልፍ ነሣው።

ስለዚህ የአህያ ባለቤቶችን ሰበሰበ። አርባ ያህል ይሆናሉ። ስለ ሁሉም የምትናገረው ይመኙሻል ነበረች፤ ባሏ ከሞተ ወዲህ በስድስት አህያ አራት ልጅ ያሳደገች ሴት። ስምምነቱ ቀላል ነበር። አህዮቹ እስከ ምረቃው ድረስ ከወንዙ ማዶ ይቆያሉ፤ ማዘጋጃ ቤቱ በምትኩ ጥላ ያለው ማረፊያ ይሠራላቸዋል። ይመኙሻል አንድ ጊዜ፣ ሥራው ሁሉ ይቆማል እኮ ብላ ነበር። ልሳነወርቅ የራሷ እንጀራ ያሳሰባት መስሎት፣ በሁለት ሳምንት ማንም አይሞትም ብሎ መለሰላት። እሷም የአህዮቿን የተላጠ ጀርባ አሰበችና፣ ዕረፍትስ ይገባቸዋል ብላ ተስማማች። እኔ ጻፍኩ፣ እሱ ፈረመ፣ ማኅተሙን መታሁ። ሁለቱም ወገን ደስ ብሎት ተለያየ።

ሰኞና ማክሰኞ ከተማዋ የሙሽራ ቤት መሰለች። ሻይ ቤቶች ወንበራቸውን ወደ መንገዱ አወጡ። እኔም ለበዓል ብቻ የማደርገውን ነጭ ጫማ አድርጌ ሥራ ገባሁ።

ረቡዕ ግን ዳቦ ቤቱ ከቀትር በፊት ዘጋ። ባለቤቱ አቶ ሙሄ፣ እንጨት ሻጮች ዋጋ ለማስወደድ እንጨት ደብቀዋል የሚል ክስ ጽፎ አመጣ። ባለ ወፍጮው እህል የሚያመጣለት ቢጠፋ፣ አንድ ቦታ ያለ ፈቃድ ሌላ ወፍጮ ተከፍቶብኛል ሲል አመለከተ። ሆቴሉ ውሃ ጠፋብኝ አለ። የትምህርት ቤቱን አጥር የሚገነባው ሰው አሸዋ አልደረሰኝም አለ። እያንዳንዱ የሚያየው ከራሱ ቤት የጎደለውን ብቻ ነበር፤ ጥፋተኛውንም እያንዳንዱ ለራሱ አግኝቶለት ነበር። እኔ ደግሞ የእንጨቱን ለግብርና፣ የወፍጮውን ለንግድ፣ የሆቴሉን ለውሃ ጽሕፈት ቤት እያልኩ በየማኅደሩ አስቀመጥኩ። ወረቀቶቹ ሁሉ በእኔ እጅ ነው ያለፉት። ማየት የሚችል ሰው ከነበረ እኔ ነበርኩ፤ አላየሁም።

ሐሙስ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ስምንት ገበሬዎች ምጥ የጠናባት ወጣት ሴት በቃሬዛ ተሸክመው ደረሱ። አባቷ አባ ደምለው ምርኩዛቸውን ይዘው ከኋላ ይከተሉ ነበር። ጥቂት ቆይቶ አዋላጇ ሲስተር እታፈራሁ ጋወኗን እንደለበሰች ቢሯችን ገባች።

«የጤና ጣቢያው ታንከር ባዶ ነው» አለች። «እጄን የምታጠብበት የለኝም፣ መሣሪያ የምቀቅልበት የለኝም። ልጁ በእግሩ ነው የመጣው።»

አምቡላንሱ ሌላ በሽተኛ ይዞ ወደ ትልቁ ሆስፒታል ሄዷል፤ ከማታ በፊት አይመለስም። ጎረቤት ብትለምን ያገኘችው ግማሽ ጄሪካን ውሃ ነው፤ የጎረቤቱም ጋን ደርቋል። ልሳነወርቅ ቧንቧውን አሁኑኑ እንዲከፍቱ ለማዘዝ ስልኩን አነሣ።

«ቧንቧው ጠብ ካለ እኮ ሁለት ወር አለፈው» አለችው።

«ታዲያ እስካሁን ውሃው በምን ይመጣ ነበር?»

«በእትዬ ይመኙሻል አህዮች ነዋ። በቀን ሁለት ጊዜ።»

ስልኩን ቀስ ብሎ አስቀመጠው። በመዝገብ ጤና ጣቢያው የቧንቧ ውሃ አለው፤ እሱም እኔም የምናውቀው መዝገቡን ነበር። ያን ጊዜ ማኅደሮቹ ትዝ አሉኝ። አውጥቼ ወረቀቶቹን ጠረጴዛው ላይ ጎን ለጎን ዘረጋኋቸው፤ እንጨት፣ እህል፣ ውሃ፣ አሸዋ። ልሳነወርቅ ጎንበስ ብሎ አንድ በአንድ አያቸው።

«ጋሼ ወልደየስ፣ ይኼ ሁሉ አንድ ማመልከቻ ነው» አለኝ።

ከዚያ ሮጠ። እኔም በአቅሜ ተከተልኩት። ወንዙ ለቁልቁለት ሃያ ደቂቃ ነው። ይመኙሻልን ማዶ ዛፍ ሥር የአንዲቱን አህያ ቁስል ስታጥብ አገኘናት። በመንገድ ላይ ምን እንደምትለው እያሰበ እንደሄደ ኋላ ነግሮኛል፤ ብትሰድበውም አይከፋውም ነበር። እሷ ግን ነገሩን እንደሰማች የማን ልጅ ናት ብላ ብቻ ጠየቀችው። አላውቃትም አላት። የያዘችውን ጨርቅ ጣለችና ጄሪካኖቹን እየሰበሰበች ወደ ምንጩ ወረደች። ሦስታችንም ቀዳን፣ ሦስታችንም ጫንን። አህያ ስጭን የመጀመሪያዬ ነበር።

ዳገቱን ደህና ወጣን። ኮብልስቶኑ ላይ ስንደርስ ግን ድንጋዩ አዲስና ልሙጥ ነው፤ ስናጣድፋት የፊተኛዋ አህያ ሸርተት አለችና በጉልበቷ ወደቀች። አንዱ ጄሪካን ፈንድቶ ውሃው በመንገዱ ላይ ፈሰሰ። የቀሩት አህዮች አንራመድም ብለው ቆሙ። ይመኙሻል ብትለማመጣቸውም፣ ብትገፋቸውም አልሆነም። ልሳነወርቅ ኮቱን አወለቀና ከፊታቸው አነጠፈው። ይኼን ያየው አቶ ሙሄ ወደ ዳቦ ቤቱ ተመልሶ ባዶ የዱቄት ጆንያዎቹን በሸክም አወጣ፤ የሻይ ቤቱ ሰዎችም ምንጣፋቸውን ይዘው መጡ። ከፊት እየዘረጋን፣ ከኋላ እያነሣን፣ አህዮቹ እየረገጡት ሄዱ። ልሳነወርቅ ከወደቀችው አህያ ጭነት ያልፈነዱትን ሁለት ጄሪካኖች በትከሻው ተሸክሞ ጤና ጣቢያ ገባ።

ከዚያ በኋላ መጠበቅ ነው። ይመኙሻል ሁለተኛ ልትቀዳ ወረደች። ቃሬዛ ተሸካሚዎቹ አጥሩን ተደግፈው ተቀመጡ። አባ ደምለው ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል እንጂ ድምፅ የላቸውም። ልሳነወርቅ በሩ ላይ ቆሞ አንዴ ወደ ውስጥ፣ አንዴ ወደ መሬት ያያል። ሰባት ሰዓት ሊሆን ጥቂት ሲቀረው የሕፃን ልቅሶ ሰማን። ሲስተር እታፈራሁ እጇን እያደረቀች ወጣችና ሴት ልጅ መሆኗን፣ እናቲቱም ደህና እንደሆነች ነገረችን። ከተሸካሚዎቹ አንዱ እንደሰማ እዚያው ሣሩ ላይ ጋደም አለና እንቅልፍ ወሰደው። ሥራ አስኪያጃችን የቦዩ ጠርዝ ላይ ቁጭ ብሎ፣ ሲሥቅ ይሁን ሲያለቅስ ሳልለየው፣ ፊቱን በእርጥብ ሸሚዙ ጠረገ።

ያንኑ ዕለት ደብዳቤው ተሻረ። ማታ ዳቦ ቤቱ ጢሱን ለቀቀ፤ ለሁለት ቀን ያጣነውን ትኩስ ዳቦ ሰዉ በር ላይ ቆሞ በላው። በምረቃው ቀን እንግዶቹ መጡ፤ ሪባን ቆረጡ፤ አንደኛው ፋንድያ ረግጦ ጫማውን በድንጋዩ ጠርዝ ጠረገና ንግግሩን ቀጠለ፤ ከተማዋም አልፈረሰችም። የተባለው ማረፊያም ተሠራ፤ ከወንዙ ማዶ ሳይሆን ገበያው ዳር። ልሳነወርቅ ከዚያ ወዲያ አንድ ነገር ለማንሣት ሲያስብ፣ መጀመሪያ እኔን ቤት ለቤት ይልከኝና «በዚህ በኩል ምን ይመጣላችኋል?» ብዬ እንድጠይቅ ያደርገኝ ነበር። ጡረታ እስክወጣ ድረስ እግሬን ያቀጠነው ይኸው ነው።

አባባሏን ያወጡልን ግን አባ ደምለው ናቸው። ያን ሐሙስ፣ የልጅ ልጃቸውን አይተው ሲወጡ፣ ልሳነወርቅ ከተቀመጠበት ተነሥቶ ፊታቸው ቆመና ማንም ሳይጠይቀው ጥፋቱ የእሱ እንደሆነ፣ መንገዱ እንዲያምር ብሎ ምን እንዳደረገ፣ ሁሉንም ነገራቸው። ሽማግሌው እስኪጨርስ ሰሙት። ከዚያ ከይመኙሻል ጄሪካን የተቀዳ ውሃ በጣሳ ተቀብለው ጠጡ፤ የተረፈውንም ለእሱ አቀበሉት።

«ጠጣ ልጄ» አሉት። «ልጄም ተርፋልኛለች፣ የልጅ ልጅም አይቻለሁ፤ ቂም የለኝም። እኔ ያልተማርኩ ገበሬ ነኝ፤ አንተን የምመክርህ የለኝም። ከእንግዲህ ግን ጭነቱን ሳታይ አህያውን አታባርር።»